ሂርና በሩብ ሰዓት

«አላጠፋም አልኩሽ እኮ! ከፈለግሽ እኔን አጥፊኝ!»

«አንተማ አንድ ሜጋ አትሞላም፤ አንተን አጥፍቼ ምን ቦታ አገኛለሁ?» ሶፍያ ማውሱን እንደ ድንጋይ ጨብጣ ታናሽ ወንድሟ ላይ አፈጠጠች። «የመቻራዋ ሙሽራ ቪዲዮ ቅዳሜ ይመጣል። በሦስት ካሜራ ነው የተቀረጸው። የት ላስቀምጠው? ጭንቅላትህ ውስጥ?»

«ጭንቅላቴ ሞልቷል።»

«በምን?»

«በቺሮ!»

«ያ ረቢ!» አለች ሶፍያ፣ ጣሪያውን እያየች።

የቺሮ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችው ፎቶና ቪዲዮ ቤት የሶፍያ ናት። ሠርግ ትቀርጻለች፣ ትቆራርጣለች፣ ለመንገደኛው በሚሞሪና በፍላሽ ዘፈን ትጭናለች። ያላት ኮምፒውተር አንድ ነው፤ እሱም ሆዱ ሞልቶ መተንፈስ አቅቶታል። ሆዱን የሞሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ዳጊ ከአዲስ አበባ እያመጣ የሚያስጭነው የፊልም ክምር ነው። ሌላው ወንድሟ በድሪ ጌም ውስጥ የሠራት ቺሮ።

ዳጊ የመምህር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ኮሌጅ ይማራል፣ አሁን ለእረፍት መጥቶ የሶፍያ አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቷል። በድሪ ደግሞ ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ ተምሮ፣ «ስድስትን ሁለቴ ከተማርኩ አሥራ ሁለት ጨርሻለሁ ማለት ነው» ብሎ ደብተሩን ለፍየል የሰጠ ልጅ ነው። ፍየሏም አልጨረሰችውም ይላሉ።

«ሶፊ፣ ዝም ብለሽ አጥፊው» አለ ዳጊ ከአግዳሚው ሳይነሳ። «የእኔ ፊልም ገበያ አለው። የሱን ቺሮ ማን ያየዋል? ቺሮን ማየት የፈለገ በር ከፍቶ ይወጣል።»

«በር ከፍቶ የወጣ ከታች ነው የሚያያት!» አለ በድሪ። «እኔ ከላይ ነው የማሳየው!»

«ከላይ? አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላንህ ተነስቶ አርፎ ያውቃል? ተነሳ፣ ግድግዳ መታ። ተነሳ፣ ግድግዳ መታ። የሠራኸው ቺሮን አይደለም፣ ማረሚያ ቤት ነው።»

ሶፍያ ሳትፈልግ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን የወንድሟን ፊት አየች፤ ሲናደድ ጆሮው ነው የሚቀላው። ማውሱን ለቀቀችው።

«ስሙ፣ ሁለታችሁም። ቅዳሜ የመቻራው ሰው የቪዲዮውን ሚሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣል። እሱ ከመሄዱ በፊት አንድ አውሮፕላን ከቺሮ ተነስቶ፣ ሂርናን ዞሮ፣ ተመልሶ ቺሮ ላይ ካረፈ የዳጊን ፊልም አጠፋለሁ። ካላረፈ ያንተን። ከዚያ ወዲያ ‹ሶፊ› ብትሉኝ አልሰማም።»

«ተስማምቻለሁ» አለ ዳጊ፣ አፉን እየከፈተ እንደሚያዛጋ ሰው።

በድሪ ወንበሩን ስቦ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የአውሮፕላን ጌሙን መጀመሪያ የጫነው ራሱ ዳጊ ነበር። ፊልም ሲያልቅበት ይጫወታል፤ ሲሰለቸው ይተወዋል። አንድ ቀን በድሪ እሱ በሌለበት ከፈተው። ከድሬዳዋ ተነሳና አፍንጫውን ወደ ምዕራብ አዙሮ በረረ፤ አገሩን ከላይ ሊያያት። በረረ፣ በረረ። ሂርና የለችም። ቺሮ የለችም። ተራራ የለም። ከታች ያለው ቡናማ ሜዳ ነው፤ እንደ ተላጨ ራስ የተስተካከለ።

ዳጊን ጠየቀው። «ጌሙ የማያውቀው ቦታ ነው፤ ምን ይደረግ» አለው ዳጊ።

«የፈረንጅ ላም በረት ሁሉ ቆርቆሮው ተቆጥሮ ተሠርቷል፤ ቺሮ የለችም?»

«ማን ይሥራት?»

ይቺ «ማን ይሥራት» የምትል ቃል በበድሪ ሆድ ገብታ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለችው። ጌሙ ውስጥ መሥሪያ ነገር እንዳለ አየ፤ መሬት የሚያሳብጡበት፣ ቤት የሚተክሉበት፣ መንገድ የሚጎትቱበት። ሁሉም ነገር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በድሪ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ‹ኦኬ› እና ‹ካንስል› ነው፤ ከሁለቱም ‹ካንስል›ን ገና ሲያየው ጠላው። ሌላውን ሁሉ እየተጫነ ተማረው። አንዱን ቁልፍ ሲጫን ድሬዳዋ ባሕር ገባች፤ መለሳት። አንዱን ሲጫን በረዶ ዘነበ፤ ተወው፣ ቺሮም አንድ ቀን ትቀዝቅዝ ብሎ። በነጋታው አነሳው።

ቤት የሚመረጥበት መደርደሪያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ያለው የፈረንጅ ቤት ብቻ ነው። በድሪ የእህቱን ካሜራ ይዞ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ግድግዳና ቆርቆሮ አነሳ፤ ፎቶውን በፈረንጅ ቤት ላይ አለበሰው። የዝገቱ ቀለም ሳይቀር መጣ። ሚናራ ፈልጎ ስላጣ፣ መርከብ ከድንጋይ እንዳይጋጭ የሚያበራውን የባሕር ማማ ተከለበት። መስጊዱ ከሩቅ ቦግ እልም ይላል። የሙሉ ወንጌሎችን ቤተ ክርስቲያን በመጋዘን ሠራው፤ ሚልካ የምትባል የዚያ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ አይታ «እንዴ፣ ልክ እኮ ነው» አለችው፣ ማመስገኗ ይሁን ማሽሟጠጧ ሳይታወቅ።

የቀረው ሂርና ነበረች። ሂርናን ለመትከል ከቺሮ ምን ያህል እንደምትርቅ ማወቅ አለብህ። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ከኢንተርኔት የሚገኝ ነገር የለም። የተራራውን ከፍታ ከዳጊ አሮጌ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ወሰደ። ርቀቱን ግን የጠየቀው፣ ቺሮ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነው፤ የጫት መኪና ሹፌርን።

«ሂርና?» አለ ጂብሪል የዚያን ጊዜ፣ ጥርሱን እየፋቀ። «ሩብ ሰዓት።»

በድሪ ለማጣራት ሌላ ሹፌር ጠየቀ። «ጂብሪል ሩብ ሰዓት አለህ? ጂብሪል መቼ መንዳት ቻለ! አሥር ደቂቃ!» ሦስተኛውን ሊጠይቅ ነበር፣ ሂርና ቺሮ መናኸሪያ ውስጥ እንዳትገባበት ፈርቶ ተወው። የጂብሪልን ያዘ። መንገዱ ዳር ያለው የፍጥነት ምልክት በሰዓት ስድሳ ይላል፤ የስድሳ ሩብ አሥራ አምስት። ሂርናን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ተከላት፤ በመካከል ያለውን ተራራ በሙሉ ከፍታው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አሳበጠው።

ያ ነው ግድግዳው። ተራራው የሚቀመጥበት ሲያጣ ቆመ።

በድሪ ግን ይሄን ቶሎ አላወቀም። ጥፋቱ የአውሮፕላኑ መስሎት ሰባት ዓይነት አውሮፕላን ግድግዳው ላይ ጨርሷል።

ከስምምነቱ በኋላ በነጋታው ጂብሪል ፍላሹን ዘፈን ሊያስሞላ ገባ። ኮፍያው ወደ ኋላ ዞሯል፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። በድሪ ሌሊቱን ጥፋቱ የርቀቱ መሆኑን ጠርጥሮ ስላደረ አንድ ተንኮል መጣለት።

«ጂብሪል፣ ና እስቲ ንዳልኝ። ወደ ሂርና። አንተ ያላወጣኸውን ዳገት ማንም አያወጣውም።»

ጂብሪል ለዚህ ዓይነት ነገር እንቢ የሚል ሰው አይደለም። ተቀመጠ። የትኛው ቁልፍ ነዳጅ እንደሆነ ጠየቀ፣ ፍሬኑን አልጠየቀም። አውሮፕላኑ ተነሳ። ከመነሳቱ ተራራው መጣ፤ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ሰማዩን የዘጋ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአርበረከቴ ዳገት።»

«የቱ አርበረከቴ? ይሄን ዝንጀሮም አይወጣውም! ያዘው፣ ያዘው!» አለ ጂብሪል፣ እግሩ ከጠረጴዛው በታች የሌለ ፍሬን እየረገጠ። ዷ! ስክሪኑ ጠቆረ።

«አንተ ነህ የሠራኸው» አለ በድሪ።

«እኔ?»

«ሩብ ሰዓት አላልከኝም? ሩብ ሰዓት ውስጥ ተራራው የሚተኛበት ቦታ አጣ። ቆመ።»

ሶፍያ ጓዳ ናት፤ ዳጊ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ጂብሪል ዞር ዞር ብሎ አየና አንገቱን አስረዘመ።

«ስማኝ። እኛ ሩብ ሰዓት ስንል… ኬላው አይቆጠርም።»

«እሺ።»

«ጎማም አይቆጠርም።»

«እሺ።»

«ዳገቱም አይቆጠርም።»

«ዳገቱ ለምን አይቆጠርም?»

«ዳገት ላይ ሁሉም ሰው ይጎተታል፤ በዳገት ማን ይፎክራል? የሚቆጠረው ቁልቁለቱ ነው።»

በድሪ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይሄ ሁሉ የሐረርጌ ሹፌር፣ ይሄ ሁሉ ፉከራ፣ ቁልቁለቱን ብቻ ነው ለካ የሚቆጥረው!

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው ታዲያ? በእናትህ።»

«ሃምሳ ገደማ ነዋ።»

«ቀድሞ እንደዚያ አትለኝም?»

«ኪሎ ሜትር መች ጠየቅከኝ? ‹ስንት ሰዓት ነው› አልከኝ። ሰዓት የጠየቀኝን ሰው በሰዓት መለስኩለት።» ጂብሪል ተነሳ፣ ፍላሹን ነቀለ፣ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ይቺን ለሌላ ሹፌር ብትናገር ግን ወላሂ፣ በመኪናዬ ጭኜ ሂርና እወስድሃለሁ፤ ሰዓቱን ራስህ ታየዋለህ።»

በድሪ ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ የአህያ ነው። ሂርናን በእጁ ይዞ ወደ ምሥራቅ ጎተታት። መንገዱ ጠምዛዛ ስለሆነ አውሮፕላን በቀጥታ ሲሄድ ያንሳል ብሎ ትንሽ መለሳት። ተራራውን አስተኛው፤ አሁን ልክ በመስኮት እንደሚታየው ተንጋሎ፣ ጀርባው ላይ እርከን ደርቦ ተኛ። በመካከል ያሉትን መንደሮች አንድ በአንድ ነቅሎ ተከለ። እንጀራውን በአንድ እጁ ነው የሚበላው፤ ሌላው እጁ ማውሱን አይለቅም።

ዳጊ አልፎ አልፎ ከጀርባው ይቆማል። «ለዚህ እኮ ሰዎች ዲግሪ አላቸው።»

«ዲግሪ ካላቸው ለምን አልሠሯትም?» ይላል በድሪ፣ ሳይዞር።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ኦቦ አብዱልቃዲር በሩን ሞልተው ገቡ። ከከተማው ዳር ሰፊ የጫት ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን ሳያስቀምጡ ስክሪኑን አዩት።

«የጂብሪል አፍ ነው የነገረኝ። አውሮፕላን ማሳረፊያ እየሠራህ ነው አሉ።»

«አዎ ኦቦ፤ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የት ላይ ነው የሚያርፈው?»

በድሪ አሳያቸው። ረጅም ጥቁር መስመር፣ ሜዳው ላይ።

«ይሄ የኔ ጫት ነው።»

«ኦቦ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው። የእርስዎ ጫት ጋ ማንም አይደርስም።»

«አንሳው።»

«ኦቦ—»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያሰምራሉ። ወረቀት ነው ይሉሃል። ቀጥሎ ካስማ ይዘው ይመጣሉ። ካርታ ላይ የተነቀለ ጫት መሬት ላይ ለመነቀል አንድ ዝናብ ነው የሚቀረው።» በትራቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «አንሳው፤ እኔ እያየሁ።»

ዳጊ ሳቀ። በድሪ ግን አልሳቀም። ሰው የራሱን ቦታ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ እሱ ራሱ ቺሮን ቡናማ ሜዳ ሆና ሲያገኛት ያቃጠለው ይኸው ነው። መስመሩን በእሳቸው ዓይን ፊት አጠፋው። በቦታው ጫቱን መልሶ ተከለው፤ በመደርደሪያው ውስጥ ጫት ስለሌለ የወይን ተክል ነው የተከለላቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወይን።»

«አስተግፊሩላህ! ወይን?»

«ከላይ ሲታይ ጫት ነው፤ ኦቦ።»

ኦቦ አብዱልቃዲር ጎንበስ ብለው መረመሩት። «ረድፉን አጥብበው» አሉና ወጡ።

አሁን ግን ማረፊያ የለም። ቺሮ ጎድጓዳ ናት፤ ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ ከማሳው ውጪ ሌላ ለጥ ያለ ነገር አንድ ብቻ አለ፤ የኳስ ሜዳው። አጭር ነው። ዳጊ አይቶት ፊቱ በራ።

«እዚህ ላይ አሞራም አያርፍም።»

«እናያለን።»

«ቅዳሜ ነገ ነው።»

«ነገ ይምጣ!»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሙሜ የሚባል፣ የመቻራዋ ሙሽራ ወንድም፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ገባ። ካርዱን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል። ሶፍያ እጇን ዘርግታ ሳትቀበለው ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ሰውየው መጥቷል። በል።»

በድሪ ተቀመጠ። ቤቱ ሞላ፤ ጂብሪልም መኪናውን አቁሞ ገብቷል። ዳጊን አብርርልኝ ይለዋል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ማብረር የሚችለው እሱ ነዋ። በድሪ ግን ቁልፉን ራሱ ያዘ። በጠላት እጅ አገሩ ላይ አያርፍማ።

ትንሿ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ኳስ ሜዳው ጫፍ ላይ አጓራች። ተንቀጠቀጠች። ሮጠች፤ የወዲያኛው ጎል እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ።

«አንሳት! አንሳት!» አለ ጂብሪል።

ተነሳች። ጎሉን በአንድ ክንድ አለፈችው። መስጊዱ ቦግ እልም አለ፤ መናኸሪያው ከታች ሄደ፤ አንዱ «ያ የኛ ቆርቆሮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ተራራው መጣ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ተራራው ተኝቷል። አውሮፕላኗ በጀርባው ላይ ቀስ ብላ ሽቅብ ወጣችና አለፈችው።

«ሂርና!» አለ ጂብሪል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ። ድንገት ዘለለ። «አላልኩም? አላልኩም? ሩብ ሰዓት!»

«አንተ በአውሮፕላን ነው እንዴ የምትነዳው?» አለው አንዱ።

«እና በምን መሰለህ!»

ሙሜ ካርዱን እንደያዘ ተጠግቶ ቆሟል። «መቻራስ አለች?» ብሎ ጠየቀ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ።

«ገና ነች» አለው በድሪ።

«እኛ ሁልጊዜ ገና ነን» አለ ሙሜ።

«ከቺሮ ቀጥሎ መቻራ ናት። ወላሂ። እዚያው ሠርግ ቤቱ ድንኳን ላይ አሳርፍሃለሁ። አሁን ዝም በል፣ ልታርፍ ነው።»

ኳስ ሜዳው ከላይ ሲታይ የክብሪት ቀፎ ያህላል። አውሮፕላኗ ወረደች። ፈጠነች። የበድሪ ጆሮ ቀላ።

«ማርሽ ቀንስ!» ይላል ጂብሪል። «ሁለተኛ አስገባ! በእግዜር… በአላህ፣ ፍሬን!»

ጎማዋ መሬቱን መታው፣ ዘለለች። ደግማ መታችው፣ ደግማ ዘለለች። አንድ ክንፏ ወደ ጎን አዘነበለ፤ ዳጊ ከአግዳሚው ብድግ አለ። በሦስተኛው ተቀመጠች። ተንሸራተተች፣ ተንሸራተተች፣ አፍንጫዋን የጎሉ መረብ ውስጥ ከታ ቆመች። ፕሮፔለሩ ጥቂት ዞረና ዝም አለ።

ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። ጂብሪል በድሪን ከነወንበሩ አነሳው። ሙሜ ካርዱን ጥሎ አጨበጨበ፤ ሶፍያ ከመሬት አንስታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው።

«ጎል እኮ ነው!» ይላሉ ከኋላ። «አገባ!»

ዳጊ እጁን አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ። እሺ፣ አረፈ። እና? ሶፊ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አስቢው እስቲ። ቺሮ ኤርፖርት የላትም። ኖሯትም አያውቅም። ይሄ ሁሉ የሌለ ነገር ነው። ለሌለ ነገር ብለሽ ያለ ፊልሜን ታጠፊያለሽ?»

ሶፍያ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች፣ ወንድሟን በክርኗ ገፋ አድርጋ ማውሱን ያዘች፣ የዳጊን ፎልደር መረጠችና ቀና ሳትል፦

«ቺሮ ውሃም የላትም» አለችው። «ውሃ የለም ብለን ቧንቧውን ነቀልን?»